ኮከቧ ስትነክስ

መዶሻው ለሁለተኛ ጊዜ ሲያርፍ ቱቦዋ «ጢቅ» አለችና በኡቅባይ ጣቶች መካከል ተተረተረች።

መጀመሪያ አልገባውም። ጥቁሯን፣ ከብረት የምትቀል የካርቦን ቁራጭ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አገላበጣት። ከልጁ ከሰዊት ብስክሌት ሹካ አንገት ላይ በራሱ መጋዝ ቆርጦ ያስቀራት ትርፍ ነበረች። ዛሬ ሰዊት የምትወዳደርበት ቀን ስለሆነ፣ በውስጧ ኮከብ መትቶ፣ በላዩ ብሎን አስሮ፣ ለሱቁ ባንኮኒ የትንሽ ባንዲራ መትከያ ሊያደርጋት ነበር ያሰበው። ለደስታ የተጀመረ ሥራ ነው። አሁን ግን ቁራጯ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቃ የኮከቧ ጥርሶች በስንጥቁ ውስጥ ይታያሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ድምፁ ትዝ ያለው።

ኮከብ የሚሏት ከስስ ብረት የተሠራች ጥርሳም ነገር ናት። ከፊት ጎማ ሹካ ተነስቶ እስከ መሪው በሚወጣው ቱቦ ውስጥ በመዶሻ ተመትታ ትገባለች፤ ከላይ የሚገባው ብሎን እሷን ይዞ ሁሉን ያጠብቃል። አስመራ ውስጥ ብስክሌት የሠራ ሰው ሁሉ ኮከብ መምታት ያውቃል። ኡቅባይን ያስተማረው አባቱ ነው፤ «ጆሮህን ስጣት፣ ስትነክስ ትነግርሃለች» ይለው ነበር። በብረት ቱቦ እውነት ነው። የሰዊትን ሹካ የመታ ቀንም «ጢቅ» ሲል ሰምቶ፣ ነከሰች ብሎ ደስ ብሎት ነበር። ያ ድምፅና የአሁኑ አንድ ናቸው።

የሥራ ጠረጴዛውን ይዞ ቆመ።

ሹካው በእህቱ ሻንጣ ከስዊድን ሲመጣ አብሮት ሌላ ነገር መጥቶ ነበር፤ ሳይመታ ወደ ቱቦው ገብቶ ሲጠመዘዝ የሚወጠር ውታፍ። ኡቅባይ ከመንገድ ማዶ ካለው ወርቅ ሠሪ በተዋሰው ሚዛን ላይ አስቀመጠውና ፊቱን አጨማደደ። ከኮከብ ይከብዳል። ያን ሰሞን የሱ ሥራ ሁሉ ማቅለል ብቻ ነበር። ዋናው የብስክሌቱ አጥንት፣ ቴላዮው፣ ከሚላኖ በዘመድ እጅ መጣ፣ ቸርኬዎቹን ውድድር ካቆመ ልጅ ገዛ፣ ፍሬኑን ከሌላ ብስክሌት ፈታ፤ እያንዳንዷ ብሎን ሳትመዘን አልገባችም። የሰፈሩ ሰው «ኡቅባይ ሚስቱንም በወርቅ ሚዛን ሊያወጣት ነው» እያለ ሳቀበት። እሱ ደግሞ ያለቀውን ብስክሌት በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ በቡና ቤቱ በር ላይ አለፈ፤ ሳቁም ቆመ። እንግዲህ ያንን ውታፍ ወደ ጣሳ ወርውሮ፣ እንደለመደው ኮከብ መታበት። ከዚያ በፊት የገጠመው የካርቦን ሹካ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም በምጽዋ መንገድ ላይ ካለችው ከጊንዳ የመጣው ልጅ የኑርሑሴን ነበር፤ ለሱም ኮከብ ነው የመታለት፣ ልጁም «እጅዎ ይባረክ» ብሎ ሄዷል። ለቅንጣት ክብደት ብሎ! ሰው እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርገው ብልህ ነኝ ሲል ነው።

ሚስቱ ለተብርሃን ከጓሮ በኩል ብቅ አለች።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«ሰዊት መቼ ወጣች?»

«አሁን ነዋ። ዳቦዋን በእጇ ይዛ ነው የወጣችው። ምነው?»

ስልኩን አውጥቶ ለሰዊት ደወለ። ከጓዳ፣ ከአልጋዋ ላይ፣ ስልኳ መጮህ ጀመረ። ለአሰልጣኙ ለጎይትኦም ደወለ፤ አይሠራም። ከከተማው ዳር አልፈው ወደ ገደሉ ከወረዱ ስልክ የሚባል ነገር የለም።

የሴቶቹ ውድድር ከነፋሲት ሽቅብ ወደ አስመራ ነው። አንደኛ የወጣች ከአገር ወጥቶ ወደሚወዳደረው ቡድን ትገባለች። ብስክሌቱም የቀለለው ለዚያ ዳገት ነው። ግን ዳገቱን ለመውጣት መጀመሪያ ያንኑ መንገድ ቁልቁል መውረድ አለ፤ መታጠፊያ በመታጠፊያ፣ በአንዱ ጎን ግድግዳ፣ በሌላው ጎን ባዶ።

«የሰዊት አባት፣ ተናገር እንጂ!»

«ሹካውን ሰብሬዋለሁ መሰለኝ።»

«የቱን ሹካ?»

«የሷን። ፍሬን ስትይዝ መሪው እጇ ላይ ሊቀር ይችላል።»

ለተብርሃን አፏን በእጇ ያዘች። ወዲያው ግን እጇን አወረደችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ሂድ!»

«ታክሲ ልፈልግ…»

«ታክሲ ስትፈልግ ይመሻል። በዚያ ጠመዝማዛ ደግሞ መኪና ብስክሌት አይቀድምም፤ አንተ ነህ ሁሌ የምትለው።»

እውነቷን ነው። ኡቅባይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የራሱን የድሮ የብረት ብስክሌት አወረደ፣ የመፍቻ ቦርሳውን አነገተና ወጣ።

ከተማውን እንዴት እንዳቋረጠ አያስታውስም። መንገዱ ወደ ታች መታጠፍ ሲጀምር የጥር ጉም ፊቱ ላይ መጣበት። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ፣ ከፊት ያለውን የመንገድ ድንጋይ እንኳ የማያሳይ። በወጣትነቱ ይህን ቁልቁለት እየዘፈነ ይወርደው ነበር። አሁን ግን ፈራ። ለራሱ አልነበረም፤ የራሱን ፍሬን እንኳ በቅጡ አልያዘም። በየመታጠፊያው ዓይኑ ከመንገዱ ይልቅ ወደ ገደሉ ጠርዝ ነበር የሚሄደው። የወደቀ ነጭ ቆቧን፣ የተጋደመ ጎማ፣ ቀይ ማሊያዋን ይፈልጋል። በየጠርዙ ምንም ሲያጣ «ተመስገን» ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ቀጣዩ መታጠፊያ ይመጣል።

እጆቿን እያሰበ ወረደ። ሰዊት መሪውን ዝቅ ብላ ከታች ነው የምትይዘው፤ እሱ ነው ያስተማራት። ወደ መታጠፊያው ስትቀርብ ክብደቷን ሁሉ ወደ ፊት ትሰጣለች፤ ይህንንም እሱ ነው ያስተማራት። ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው እሱ በመዶሻ በሰነጠቀው ቱቦ ላይ ነው።

ከአርባሮባ ወረድ ብሎ ከጉሙ ውስጥ የሰው ድምፅ ሰማ። ከመንገዱ ዳር ሰዎች ተሰብስበዋል። አንድ ብስክሌት ተገልብጦ ጎማው በአየር ላይ ይዞራል፤ አጠገቡ ቀይ ማሊያ የለበሰ ሰው ተንበርክኳል። ኡቅባይ እንዴት እንደቆመ አያውቅም። ብስክሌቱን ጥሎ ሮጠ።

«ሰዊት!»

የተንበረከከው ቀና አለ። ውድድሩን ሊያይ የሚወርድ ጢም ያለው ወጣት ነበር፤ የፈነዳ ጎማ እየቀየረ ነው።

«አያ ኡቅባይ!» ብሎ ሳቀ። «እርስዎም ሊወዳደሩ ነው እንዴ?»

«ሰዊትስ? ሰዊትን አይታችኋል?»

«ያቺንማ ማን ያያታል! ለኛ አቧራዋን ብቻ ሰጥታን ነው የወረደችው። ምን ዓይነት ነገር ነው የሠሩላት? ትበራለች እኮ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ቃል ለወር ያህል በልቡ ይዞት ይዞር ነበር። አሁን ግን ብስክሌቱን አንስቶ ቁልቁል ተወረወረ።

ነፋሲት ሲደርስ ጉሙ ከላይ ቀርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ መንገድ ዳር ተሰልፈዋል፣ የአሰልጣኙ ፒክአፕ ቆሟል። ሰዊት አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሙዝ ትበላለች። ጥቁሩ ብስክሌት አጠገቧ ግንድ ተደግፎ ቆሟል። ኡቅባይ ከብስክሌቱ ወርዶ ለመናገር ሞከረ፤ ትንፋሽ አልነበረውም።

«አባ!» ብድግ አለች። «ምን ሆነህ ነው? እማ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ከሱ ራቂ።»

«ከምኑ?»

«ከብስክሌቱ ራቂ!»

ጎይትኦም ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ከኡቅባይ ጋር ድሮ አብረው የተወዳደሩ ናቸው።

«ምንድነው ጩኸቱ? ልንጀምር ነው እኮ።»

ኡቅባይ ዙሪያውን አየ። ሁሉም ያውቁታል። ግማሾቹ የሚነዱት እሱ የገጠመውን ብስክሌት ነው፤ የቀሩትም እስኪገጥምላቸው ተራ የሚጠብቁ ናቸው።

«በዚህ ብስክሌት አትወጣም» አለ። «ሹካውን ሰብሬዋለሁ። እኔ ነኝ የሰበርኩት።»

አንዱ ከኋላ ሳቀ። «ይሄን ሁሉ ቁልቁለት ወርዳበት?»

«አባ፣ ምንም የለውም» አለች ሰዊት። ድምጿ ወደ ልመና ሄደ። «እንዲህ ያለ ብስክሌት በሕይወቴ ነድቼ አላውቅም። ደግሞ ሽቅብ ነው፤ ብወድቅስ የት እወድቃለሁ? እባክህ፣ ዛሬን ብቻ። አስመራ ስንደርስ ታየዋለህ።»

«ልጅቷን በመነሻዋ ሰዓት አታስፈራራት» አለ ጎይትኦም ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ።

ኡቅባይ ቦርሳውን ከፍቶ መፍቻውን አወጣና የላዩን ብሎን ፈታ። መሪውን ነቅሎ ወደ ጎን አደረገ። የቱቦው አፍ ላይ፣ ከኮከቧ ጥርስ ተነስታ ወደ ታች የምትሄድ፣ ፀጉር የምታህል መስመር ነበረች።

«የመጋዝ ጭረት ነው» አለ ጎይትኦም፤ እርግጠኛ ግን አልነበረም።

ኡቅባይ የመፍቻውን ጫፍ ወደ ቱቦው አስገብቶ ትንሽ ገፋ አደረገው። መስመሯ ተከፈተች። ጥፍር እስኪገባባት ድረስ ተከፈተች።

ማንም አልሳቀም። ሰዊት ጎንበስ ብላ አየችና የያዘችውን ሙዝ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች።

«የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ» አለች ቀስ ብላ፣ «ትንሽ ተነቃነቀብኝ። መንገዱ መስሎኝ ነበር።»

ኡቅባይ ፊቱን አዞረ። እንባው መጣበት፤ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማበስ አልፈለገም። ሲመለስ ሰዊት የሱን የብረት ብስክሌት ይዛ ቆማ ነበር።

«እሱ ይከብድሻል» አለ።

«አውቃለሁ። ክብደቱ የጋዝ ቱቦ ነው።» ልትስቅ ሞክራ አልሆነላትም። «ቁመቴን ታውቀዋለህ፤ አስተካክልልኝ።»

«አምስት ደቂቃ ነው የምሰጣችሁ» አለ ጎይትኦም።

መቀመጫውን አወረደ፣ የሷን ፔዳሎች ፈትቶ ወደ ብረቱ አዛወረ። የመጨረሻውን ሊያጠብቅ ሲል ቆመና መፍቻውን ለሰዊት ዘረጋላት።

«ምነው፣ አባ?»

«አንቺ አጥብቂው።»

ተንበርክካ አጠበቀችው። ከዚያም፣ ከዚህ በፊት አድርጋው የማታውቀውን፣ መሪውን ይዛ አንድ በአንድ ፈተሸች፤ ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ አንገቱን። እሱም ቆሞ አያት።

ፊሽካው ተነፋ። ጥቅጥቁ ሰልፍ ተንቀሳቀሰ። ሰዊት ከመሃል ነበረች፤ ከዚያ ከኋላ፤ የመጀመሪያውን ዳገት ስትወጣ ከመቀመጫዋ ተነስታ ያንን ብረት ግራና ቀኝ እያወዛወዘች ነበር። ጉሙ ዋጣት።

«ግባ፣ ግባ» አለው ጎይትኦም የፒክአፑን በር ከፍቶ። «ከኋላዋ ነው የምንሄደው። ታያታለህ። ይህቺ ልጅ በጋሪም ቢሆን ትወጣዋለች።»

ሌላ የሚመኘው ነገር አልነበረም። ብስክሌቱን ፈታትቶ ቴላዮውንና ጎማዎቹን ከፒክአፑ ኋላ ጫነ። ሹካውን ብቻ በእጁ ይዞ አንድ እግሩን ወደ መኪናው አነሳ። በዚያች ቅፅበት ኮከቧ በፀሐይ ብልጭ አለችበት።

እግሩን መለሰ።

«ኑርሑሴን ዛሬ አለ?»

«የጊንዳው? የለም። የሱ ምድብ ሳምንት ነው። ብቻውን ቁልቁል ወደ ምጽዋ እየወረደ ይለማመዳል አሉ። ምነው?»

«የሱንም እኔ ነኝ የገጠምኩት። እንደዚሁ አድርጌ።» ሹካውን አሳየው።

ጎይትኦም ፊሽካውን በጣቶቹ አሻሸ። «ደውልለት እንግዲህ።»

ኡቅባይ ስልኩን አየ። መስመር የለም።

«ስማ» አለ ጎይትኦም፣ «ሌላም ልንገርህ። የልጅህን ሁሉም አይቷል፤ አባት ነው፣ ደነገጠ ይባላል፣ ያልፋል። ያንን ከጨመርክበት ግን ነገ ሰው ሁሉ ብስክሌቱን ተሸክሞ በርህ ላይ ነው የሚሰለፈው። ማታ ደርሰህ ቀስ ብለህ ትነግረዋለህ። ዛሬ የልጅህ ቀን ነው።»

«ማታ ስንት መታጠፊያ ወርዶ ይሆናል?»

ጎይትኦም ሞተሩን አስነሳ፤ ቢሆንም በሩን አልዘጋውም።

ኡቅባይ ሽቅብ ያለውን መንገድ አየ። ሰዊት አሁን ስንተኛ ናት? ቀድማ ይሆን? ቀርታስ? ከጉሙ ውስጥ ወደ ምጽዋ የሚወርደው አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ ብቅ አለ።

የፒክአፑን በር ራሱ ገፍቶ ዘጋው። መንገዱን ተሻግሮ ሹካውን ከፍ አድርጎ አውለበለበ። አውቶቡሱ እያቃሰተ ቆመና ረዳቱ በበሩ አንገቱን አወጣ።

«አባት፣ ውድድሩ እኮ በዚያ በኩል ነው!»

«አውቃለሁ» አለ ኡቅባይ። «ጊንዳ አውርደኝ። ከዚህ እስከዚያ ድረስ ደግሞ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ካየህ፣ ለሾፌሩ ንገርና አቁሙልኝ።»