የዘመድኩን ግብጦ

ጎረቤቷ እትዬ ማሚቱ የግብጦውን ቡቃያ በሽንኩርት ቢላ እየነቀሉ በተቆረጡ የዘይት ጀሪካኖች ሲተክሉ፣ እጅጋየሁ ሬሳው ካለበት ክፍል መስኮት አየቻቸው። የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሊተክሉ መጥተዋል፤ በዚህ ጠባብ የሲቀላ ሰፈር ግቢ ደልዳላው ቦታ ግብጦው የበቀለበት መደብ ብቻ ነው። እንዳይነኳቸው ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ባሏ ዘመድኩን ሳይቀበር ስለ ጓሮ የምትጮህ ሴት መሆን አልፈለገችም።

በማግስቱ ለቀስተኞቹ፣ አላለቀሰችምና፣ «የተማረ ሰው እንባ አንጎሉ ውስጥ ይቀራል» እያሉ ሲንሾካሾኩባት ሰማች። አጥር ሥር ፀሐይ ላይ የተደረደሩትን ጀሪካኖች እያየች ነበር። ዐሥራ አንድ ናቸው። እንደ መዳፍ ተዘርግቶ የነበረው ቅጠላቸው ተጣጥፏል።

ዘመድኩን ግብጦ የለመደው ባሕር ዳር ሲማር ነው። እዚህ የባዮሎጂ መምህር ሆኖ ጓሮው ውስጥ ሲዘራው፣ ሙዝ በሞላበት አገር መራራ ያበቅላል ብለው ጎረቤቶቹ ሳቁበት፤ አብሯቸው ሳቀ። በመጀመሪያው ዓመት ዘሩ ውኃ በቋጠረው ጥቁር አፈር ውስጥ በሰበሰ። በሁለተኛው በቅሎ ቢጫ ሆነና ቀረ። በሦስተኛው ከጨንቻ ቀይ አፈር በጆንያ አስመጣ፤ ከኩልፎ ወንዝ ዳር አሸዋ ቀላቀለበት፤ መደቡን ከፍ አድርጎ ዘሩን በሚያድግበት ቦታ ላይ ዘራ። ችግኝ አፍልቶ ለምን እንደማያዛውር ጠይቃው ነበር።

«ግብጦ ሥሩ ከተነካ ይቀየማል» አላት። «እንደ እኔ ነው።»

እውነቱን ነበር። በእድገት ወደ ሐዋሳ ሲያዛውሩት እምቢ ብሎ በአሮጌው ደመወዙ የቀረ ሰው ነው።

ከሠልስቱ ጸሎት በኋላ እትዬ ማሚቱ አጠገቧ ተቀመጡ። ጥፍራቸው ውስጥ ቀይ አፈር አለ።

«እጅግዬ፣ ጠዋት ማታ አጠጣኋቸው እኮ። የደከመበት ነው ብዬ። አይጸድቁም እንዴ?»

እንደማይጸድቁ ታውቃለች።

«ፀሐይ በዝቶባቸው ነው፣ እትዬ» አለች።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደግፌ ካስማውን ሊነቅሉ ጎንበስ ሲሉ ተነሣች። ሦስት ቀን ሙሉ ከማንም ምንም አልጠየቀችም ነበር።

«ጋሽ ደግፌ፣ ድንኳኑ እስከ ማታ ይቆይልኝ።»

«ገና የሚመጣ ሰው አለ?»

«አለ።»

ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ወደ ድንኳኑ ጥላ አስገባች፤ እትዬ ማሚቱም አገዟት። የመጨረሻውን ስታስቀምጥ የጎበጠውን ግንድ በሁለት ጣቷ ቀና አደረገችው። ብትለቀው ስለሚወድቅ፣ እንደያዘችው አጠገቡ ተቀመጠች።