ራሱን የሚፈትን ማሽን

ጠዋት ማሽኑ እንደ ልማዱ ራሱን አጸዳ። ትንሿ ብሩሽ የመለኪያውን ዓይን ጠረገች፤ ቱቦው ከጠርሙሱ የክሎሪን ልኩ የታወቀ የመፈተኛ ፈሳሽ ሳበ፤ ንባቡም በፈሳሹ ልክ ተስተካከለ። «ፈተናውን አልፏል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ በራ። ወደ ከተማው በሚወርደው ውሃ ያለው ክሎሪን በሊትር ዜሮ ነጥብ አምስት ሚሊግራም ነው ይላል። መሆን ያለበትም ይኸው ነው።

የወሩ ሙከራ የሚያበቃው ዛሬ ነው። ማሽኑ ያለ ሰው እጅ መሥራት መቻሉ ከተረጋገጠ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያው ኬሚስት ባሏና ልጇ ወዳሉበት ከተማ ትዛወራለች። ሻንጣዋን ካዘጋጀች ሰንብታለች።

ሙከራው ከተጀመረ ወዲህ በእጅ መለካት ቀርቷል። እሷ ግን የምታስረክበውን ዕቃ ስታሰናዳ የድሮውን የእጅ መለኪያ ብልቃጥ አገኘችና ከቧንቧው ቀድታ፣ ክሎሪን ያለበትን ውሃ ሮዝ የሚያደርገውን ክኒን ጣለችበት። ደማቅ ሮዝ መሆን የነበረበት ውሃ ፈዘዘ። ደገመችው። ዜሮ ነጥብ ሦስት።

«ክኒኑ አርጅቶ ይሆናል» አላት የፈረቃ ጓደኛዋ። አንድ ሻይ ቅጠል ሁለት ጊዜ ስለሚያፈላ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ቆጥቤ ይለዋል።

«አዲስ ነው፣ ጋሼ። የማሽኑን ፈሳሽ መቼ ሞሉት?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«የተረፈውን ደፍተው?»

«ግማሽ ድረስ እያለ ምን ያስደፋኛል? አዲሱን ላዩ ላይ ጨመርኩበት።»

«መስኮቱ ሥር ፀሐይ ሲመታው የከረመው ላይ?»

ቆጥቤ ዞሮ ጠርሙሱን አየ። ፀሐይ የመታው ፈሳሽ ክሎሪኑ እየጠፋ ይደክማል። ማሽኑ ደግሞ ከዚያ ፈሳሽ ሌላ የሚያምነው የለም፤ የደከመውን ልክ ነው ብሎ ራሱን አስተካክሏል። ከዚያ ወዲህ የከተማውን ውሃ ከሆነው በላይ እያነበበ የክሎሪኑን ፓምፕ ሲያዘገይ ከርሟል። ዳር ባሉት ሰፈሮች፣ ቢያንስ ዜሮ ነጥብ ሁለት መድረስ ባለበት፣ ምንም ክሎሪን ላይቀር ይችላል።

ኬሚስቷ አውቶማቲኩን አጥፍታ ፓምፑን በእጇ ከፍ አደረገችው።

«እጄን ይቁረጠው» አለ ቆጥቤ። «በይ አሁኑኑ እንድፋውና በአዲስ እንሙላው። ማን ያያል? ማሽኑ እንደሆነ ወሩን ሙሉ አልፌያለሁ ነው የሚለው።»

«ፈታኙም ተፈታኙም ራሱ፤ በምን ይወድቃል?»

«ልጅሽ ደጅ ደጁን እያየች ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ስትይ እዚሁ ልትቀሪ ነው?»

ሳቋ አመለጣት። «የያዝነው እኮ ውሃውን ነው፣ ጋሼ።»

ስልኳ ጠራ። ባሏ ነበር።

«ነገ ስንት ሰዓት ትደርሻለሽ? መናኸሪያ እንጠብቅሽ ብለን ነው።»

«ነገ አልመጣም። ሙከራው እንደገና ሊጀመር ነው።»

«ደግሞ ወር? ማን አለ?»

«እኔ።»

«አለቃሽ ያውቃል?»

«አሁን ልነግረው እየሄድኩ ነው።»

ቆጥቤ ጠርሙሱን እስከ ጠብታው ደፋው፤ አጠበው። «ማን ጨመረበት ካለሽ ስሜን አትደብቂ» ብሎ ተከትሏት ወጣ።

በማግስቱ ከተማው ዳር ካለ የሕዝብ ቧንቧ ውሃ ቀዳች። ክኒኑ ሲሟሟ ብልቃጡ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆነ። ዜሮ ነጥብ ሁለት።