የውሻ በሽታ

ሰርክአዲስ ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት ከአዲስ አበባ ወረታ የመጣች የእንስሳት ሐኪም ናት። ሴት ውሾችን የሚያስወርደው ባክቴሪያ በደም ጠብታ የሚታወቅበትን ምርመራ ካልሠራሁ ብላ እንቅልፍ ካጣች ከርማለች። ከደሙ የጠለለውን ውሃ የሞተ ባክቴሪያ ቀላቅላ ራሷ ካዘጋጀችው ቀለም ጋር መስታወት ላይ ታዋህደዋለች፤ ደቃቅ ፍሬ ከቋጠረ በሽታው አለ። ምን ያደርጋል፣ እስካሁን የአንዷም ውሻ ደም አልቋጠረላትም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ግን፣ ከሩዝ ማሳው ዳር፣ በገበሬው በአያ ገሰሰ ደጅ፣ ደጋግማ ያስወረደችው የውሻቸው የወለላ ደም ቋጠረ። ሰርክአዲስ በደስታ ጮኸች።

"ተገኘ! የውሻ በሽታ አለባት!"

ምነው አፏን በቆረጠው! ወረታ ባለችበት በፎገራ የውሻ በሽታ አንድ ነው፤ እሱም የሚያሳብደው ነው። አያ ገሰሰ ምንም ሳይጠይቁ ዱላቸውን አንሥተው ወለላን አናቷን አሏት። ስትጮህ ደገሟት። ወለላ አንድ ዓይኗ ፈስሶ፣ ጭቃው በደሟ ቀልቶ፣ እየተንፈራፈረች የጌታዋን የግራ እጅ ሌባ ጣት ነከሰች።

"ኧረ አያ ገሰሰ! የሚያስወርደውን ነው ያልኩት፣ የሚያሳብደውን አይደለም!"

ሰርክአዲስ ምላሷ ተፈትቶ ይህን ስትል አያ ገሰሰ መርዙ ወደ ልብ ሳይወጣ ብለው ጣታቸውን ግንድ ላይ አጋድመው በመጥረቢያ ቆርጠውት ነበር።

ፊታቸው አመድ መስሎ ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጣቱን አነሡና መስታወቷ ላይ ጣሉት።

"እስቲ ይኸንም መርምሪና ጤነኛ ነበር በይኝ።"