ድምፅ ያለው እራት

የሻረግ በኃይለኛ እሳት ቶሎ ተጠብሶ ስለሚወጣው አትክልት፣ ስለ ስተር ፍራይ ያላትን አስተያየት የማያውቅ ሐበሻ ለንደን ቶተንሃም ውስጥ ካለ፣ ትናንት የመጣ መሆን አለበት። ልጇ ሚካል ቤት ሄዳ በቀረበላት ቁጥር፣ «ሰው ኮቱን አውልቆ ሳይቀመጥ የሚደርስ ነገር እራት ይባላል እንዴ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» ትላለች። ለእሷ እራት ማለት ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት ተቁላልቶ፣ ቀልጦ፣ ሽንኩርት መሆኑን እስኪረሳ ድረስ እሳት ላይ የዋለ ወጥ ነው። በቤተ ክርስቲያን ድግስ የእሷ ድስት የቱ እንደሆነ ለማወቅ ሰልፉን ማየት ብቻ ይበቃል።

በገና ሰሞን ክፉ ጉንፋን ያዛት። ሲለቃት ሽታውንም ጣዕሙንም ይዞባት ሄደ። በርበሬው ማቃጠሉን እንጂ መጣፈጡን ተወ፤ ቅቤውና ኮረሪማው አፏ ውስጥ እንደ ሞቀ ጭቃ ሆኑባት። ሐኪሙ «ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አላት። እሷ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ምን ብላ ትናገር? ስሟ እኮ ወጧ ነው። እንግዳ መጥራቷን አላቋረጠችም፤ ጨዉን በእጅ ልማድ እየበተነች መሥራቷን ቀጠለች። አንድ እሁድ የጠራቻቸው እንግዶች በውሃ ላይ ውሃ እያስከተሉ በሉና «እጅሽ ይባረክ» ብለው ሄዱ። ይሉኝታ የሚባለው በሽታ እንዲህ ነው፤ ሐበሻ በጨው ይሞታል እንጂ ጨው በዛ አይልም።

ባሏ ብርሃኑ ግን ያያል። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዕድሜውን በመስታወት የኋላውን ሲቃኝ የኖረ ሰው። ለሌላው እያቀረበች ራሷ እንደማትጎርስ፣ ቀሚሷም ትከሻዋ ላይ እየሰፋ እንደሄደ አየ። እሷ ደብቄያለሁ ትላለች፣ እሱ እንዳላየ ይሆናል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሴትየዋ ግን በየሳምንቱ እየከሳች ነበር፣ እሱም ፈርቷል።

አንድ ረቡዕ አመሻሽ ላይ የሻረግ ከገበያ ስትመለስ ብርሃኑን ኪችን ውስጥ አገኘችው። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ይህ ሰው እዚያ የገባው ውሃ ለመጠጣት ብቻ ነው። አሁን የእሷን ሽርጥ አሸርጦ ጎድጓዳ መጥበሻ ፊት ቆሟል።

«ምነው? አመመህ እንዴ?»

«ቁጭ በይ የሹ። ሚካል በስልክ አስተምራኝ ነው። የጾም ነው፣ ሥጋ የለበትም።»

ጠረጴዛው ላይ ሽንኩርቱ፣ ካሮቱ፣ ፎሶልያው፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ቀይ ቃሪያውና ዝንጅብሉ ተከትፈው ተደርድረዋል። አከታተፉስ ተዉት፣ አንዱ ጣት ያህላል፣ አንዱ ክር ነው። ዘይቱ መጤስ ሲጀምር ሁሉንም ገልብጦ ጨመረው፤ መጥበሻውም ጮኸ። የሻረግ ዘላ ተነሣች። እጇ ከእሷ ቀድሞ እሳቱን ቀነሰና ክዳን ከደነበት።

«ሽንኩርቱ እኮ አልቀለጠም! ቀስ ብሎ ይብሰል!»

ብርሃኑ ክዳኑን አነሣ፤ እሳቱንም መልሶ ጨመረው። «የሹ፣ ከማጀቴ ውጪልኝ!»

ይህን ማለቱን ሲሰማ ራሱም ደነገጠ። ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ አላርም እሪ አለ። በአንድ እጁ እያማሰለ በሌላው ፎጣ ሲያራግብ አይታ፣ ከገና ወዲህ ባልሳቀችው ሳቅ እየተንከተከተች ሄዳ ተቀመጠች።

ሳህኑ ቀረበላት። ለእሱ ብላ አንድ ጉርሻ ልትውጥለት ወሰነች፤ ያው የለመደችውን ጭቃ እየጠበቀች አፏ ውስጥ ጨመረች።

ቀጭ አለ።

ማኘኳን አቆመች። ካሮቱ ነው። ድምፁ በመንጋጋዋ ዞሮ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። እንደገና ነከሰች፣ ፎሶልያው ተሰበረ፤ ጎመኑ ከጥርሷ ሥር ኮሽ ኮሽ አለ፤ ዝንጅብሉ ምላሷን ወጋ አድርጎ አለፈ። ጣዕም የለውም፣ ምንም የለውም፤ ግን ሁሉም ለየብቻው አለ፣ አንዱ ከአንዱ ይለያል። የሻረግ ሰውነቷን ወረራት። ዕድሜ ልኳን ከትፋ ያቀለጠችው ነገር ሁሉ ድምፅ ኖሮታል! እሱን ዝም እስኪል ድረስ ስታበስል ኖራ አሁን ጆሮዋ ውስጥ ሲናገር ሰማችው። የፈጣሪን ሥራ ማን ይመረምረዋል? በመገረም ዓይኗን ጨፍና በላች፤ እየበላች እንባዋ ወረደ።

«ብሬ፣ አይጣፍጠኝም» አለች። «ከገና ጀምሮ ምንም ነገር አይጣፍጠኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጨው ለምን በላህ?»

«አንቺ ሠርተሽው ልተወው?»

ብርሃኑ ሹካውን ሳያነሣ ፊቷን ያያል። መጠየቅ እንደ ፈራ ያስታውቅበታል።

«ታዲያ ይኼስ… እራት ሆነልሽ?»

የሻረግ ወደ ሳህኗ አየች፤ ባዶ ነው። የእሱን ሳህን ወደ ራሷ ሳበችና አንድ ካሮት አነሣች።

«ነገ ወፈር አድርገህ ክተፈው» አለች፤ «በደንብ እንዲሰማኝ።»