ሳማ የነካው እጅ

«ምስጢሩን ሳይነግሩኝ ከዚህ ወንበር አልነሳም» አለች ዶንካ፣ የቡና ሲኒዋን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ። «ባኒጻው ውስጥ ሳማውን ቀቅለው ነው የሚጨምሩት ወይስ ጥሬውን?»

የንፍሮው ሳህን በራይና እጅ ላይ እንዳለ ቀረ። ባሏ ቬልኮ ከሞተ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። ስኳርና የተፈጨ ለውዝ የተነሰነሰበትን ስንዴ ለእንግዶቹ ስታዞር፣ እያንዳንዱም በማንኪያ ቀምሶ «ነፍስ ይማር» ሲላት ነው ያረፈደችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሐዘን ቤት እኮ ነው ያለሽው» አላት የዶንካ ባል ሚንቾ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። «ቀብር ላይም ቢሆን የሊጥ ነገር ካላነሳሽ አይሆንልሽም።»

«አንተ ዝም በል! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትሰለቅጠው አልነበር? እኔ ብጠይቅ ምን አለበት?» ወደ ራይና ዞረች። «ቬልኮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ትሪውን በከፈተ ቁጥር ‹ራይናዬ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ የጋገረችው ነው› ይለን ነበር። ‹እሷ የቤንዚን ሽታ ያማታል እንጂ ልቧ ከእናንተ ጋር ነው› ይላል። እንደ እርስዎ ባኒጻ ያለ በሎቬች ከተማ የለም፣ እትዬ ራይና። በመድኃኔ ዓለም!»

ራይና በሕይወቷ ባኒጻ ጋግራ አታውቅም። ስስ ሊጥ ተደራርቦ በመሐሉ አይብ እንደሚገባበት ታውቃለች፤ ከዚያ በላይ ግን አታውቅም። የቤንዚን ሽታም አሟት አያውቅም።

«ጥሬውን ነው» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

«አላልኩህም ሚንቾ! ጥሬውን ነው አላልኩህም!» ዶንካ ጭኗን መታች፤ ወዲያው የት እንዳለች ትዝ ብሏት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ካልሲዎቹስ ልክዎ ሆኑ? በየዓመቱ የባኒጻው ምላሽ እንዲሆን ብዬ በእሱ እጅ እልክልዎት ነበር።»

የምን ካልሲ? ራይና ከዶንካ እጅ የመጣ አንዲት ክር እንኳን አይታ አታውቅም።

«ልክ ናቸው። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሚንቾ ጉሮሮውን ጠረገ። ቬልኮ የነበረበት የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ማኅበር ሰብሳቢ እሱ ነው። «እኛ የመጣንበት ጉዳይ ሌላ ነው፣ እትዬ ራይና። አርባው የሚውለው ከማኅበራችን ዓመታዊ ቁርስ ጋር በአንድ ቀን ነው፣ ቅዳሜ። ቦታውን ባዶ ልንተውበት አንወድም። የቬልኮን መኪና፣ ሞስክቪቹን፣ እኔ እነዳዋለሁ፣ እርስዎ ከጎኔ ይቀመጣሉ። ባኒጻውንም ስለ ነፍሱ ለሁላችን ያድሉልናል። እምቢ እንዳይሉኝ።»

ራይና ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ሌላ ምን ማድረግ ትችላለች? ከሸኘቻቸው በኋላ በሩን ዘግታ ቆመች። በሩ ላይ በውጭ በኩል በተለጠፈው የሐዘን ወረቀት ላይ ካለው ፎቶ ቬልኮ ፈገግ ብሏል፤ ሳታየውም ፈገግ እንዳለ ታውቃለች።

በየግንቦቱ፣ ኦሳም ወንዝ ዳር ካለው መስክ ላይ፣ አሮጌዎቹ መኪኖች በሰልፍ ይቆማሉ። ጠረጴዛ የለም፤ የየመኪናው ሞተር ክዳን፣ ኮፈኑ ላይ፣ ወፍራም ጨርቅ ይነጠፍና ቁርሱ እዚያው ይቀርባል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ በኮፈኑ ላይ የሚቀርበው በገዛ ቤት የተሠራ መሆን አለበት። ከሱቅ ገዝቶ የመጣ ካለ ማኅበርተኛው ሁሉ ክላክስ ይነፋበታል፤ መኪናውም ከሰልፉ ጫፍ፣ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ይቆማል።

ራይና እዚያ የሄደችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት። ቬልኮ የአውቶቡስ መካኒክ ነበር፤ እሷ ዩኒቨርሲቲ ተምራ በከተማው ትልቁ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምር ነበር። በዚያ ጠዋት እሱ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሰማያዊውን ሞስክቪች ፊት እስኪያሳይ ወልውሎ፣ ለእሷ ታጣፊ ወንበር ይዞ መጣ። ሰዎቹ ይጯጯኻሉ፣ ይሳደባሉ፣ በጣታቸው ይበላሉ። በመሐል የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ከሶፊያ ከመጡ እንግዶች ጋር በወንዙ ዳር ሲያልፍ አያት።

«ራይና! እርስዎም የዚህ ማኅበር ሰው ነዎት እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ! በዚህ ሳልፍ ነው» አለችው እየሳቀች።

ቬልኮ የእሷን ሳህን ይዞ ከጀርባዋ ቆሞ ነበር። ሳህኑን ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ፣ የጠራውን መስታወት እንደገና መወልወል ጀመረ። ማታም ነገሩን አላነሳባትም። በሌላው ዓመት ግንቦት ሲመጣ «ዘንድሮ የፈተና ወረቀት ይበዛብሽ ይሆናል» አላት፣ መልሱን ራሱ አዘጋጅቶላት። «አዎ፣ ይበዛብኛል» አለች። ከዚያ ወዲህ አልጠየቃትም።

እንግዶቹ በመጡ ማግስት ራይና ወደ ጋራዡ ወረደች። ለዓመታት ገብታበት አታውቅም። ከዘይት ጣሳዎቹ ኋላ፣ በንጹሕ ሸራ ተሸፍና፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተቀምጣለች። አጠገቧ ረጅም ቀጭን የሊጥ መዳመጫ፣ የተጠቀለለ ሽርጥ። ግድግዳው ላይ ጓንት ተሰቅሏል፤ መሰቀሉን እንጂ መለበሱን የሚያሳይ ነገር የለበትም።

የመኪናውን የኋላ ክዳን ከፈተች። በጋዜጣ የተጠቀለሉ አሥራ አንድ ጥንድ የሱፍ ካልሲዎች ተደርድረዋል። አንዱም አልተፈታም። ቢሰጣት ከየት መጣ ትለው ነበር። ያኔ ሁሉንም ሊነግራት ይገደድ ነበር። ሊነግራት አልፈለገም፤ እንዳታፍር።

መኪናው ላይ ተደግፋ ቆመች። እጁ ትዝ አላት። በየዓመቱ ግንቦት ላይ የእጁ ቆዳ እስከ አንጓው ድረስ ቀይ ሆኖ ሽፍ ይል ነበር። ምግብ ላይ ስታየው «ይኸው ደግሞ! ያንን ጋዝ በደንብ ታጠበው አላልኩህም? ያስጠላል» ትለዋለች። ዳቦውን ይተውና እጁን ከጠረጴዛው ሥር ወደ ኪሱ ይከታል። «እሺ ራይናዬ» ይላል።

የቀሩትን ሳምንታት ሊጥ እየዳመጠች አሳለፈች። ሊጡ ይቀደዳል፣ ይጣበቃል። የባሰው ግን የሊጡ ነገር አልነበረም። እውነቱን ብትናገር ቬልኮን በአርባው ዕለት፣ ከወዳጆቹ ፊት፣ ውሸታም ልታደርገው ነው። ዝም ብትል ደግሞ የእሱን ምስጋና ቁጭ ብላ ልትበላ ነው። እያደረች አንዱን ትመርጣለች፤ ሲነጋ ሌላው ይሻላል ትላለች።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ወደ ወንዙ ወረደች። ጓንቱን አይታው ነበር፤ አላነሳችውም። ሳማውን በባዶ እጇ ለቀመች። የመጀመሪያው ሲነካት እንባዋ ዱብ አለ፤ ከዚያ በኋላ ለመደችው፣ ወይም የለመደች መሰላት።

ሞስክቪቹ መስኩ ላይ ሲደርስ ማንም ክላክስ አልነፋም። የሰልፉን መጀመሪያ ለቀውላቸዋል። ሚንቾ ጨርቁን ኮፈኑ ላይ አነጠፈላት፣ የቬልኮን የሐዘን ወረቀት ከመስታወቱ ላይ ለጠፈ። ራይና ትሪውን ከፈተች። ባኒጻው ከአንድ ጎን አሯል፣ መሐሉ ሰርጉዷል። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ተራ በተራ ቀረቡ።

«ነፍስ ይማር።»

«ነፍስ ይማር።»

አኘኩ። አንዱ ሌላውን አየ። ጥርስ የሌለው አንድ ሽማግሌ «ጥሩ ነው... ትንሽ ጠንከር ይላል እንጂ» አለ፤ ሚንቾ በክርኑ ጎሸመው።

ዶንካ የጎረሰችውን በግድ ዋጠች። «አይዞዎት» አለቻት ክንዷን ይዛ። «ሐዘን እጅን ይለውጣል። እኔም እናቴ የሞተች ጊዜ ዳቦው እምቢ ብሎኝ ነበር። ለከርሞ የድሮው እጅዎ ይመለሳል።»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። መውጫው እንዲህ ቀላል ነበር። «አሜን» ብትል ያልቃል።

«እጄ አልተለወጠም» አለች ራይና። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ እንደምታስተምርበት ድምፅ ደረቅ ነበር። «ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። እስከ ዛሬ የበላችሁትን ጋራዥ ውስጥ ተደብቆ የሚጋግረው ቬልኮ ነበር። እኔ ከእናንተ ጋር መታየት አፍሬ ነው የማልመጣው። ቤንዚን አያመኝም። እሱ የዋሸው የእኔን ለመሸፈን ነው።»

ሚንቾ ኮፍያውን አደረገ፣ መልሶ አወለቀ።

«ያ ሌባ!» አለ በመጨረሻ። «አሥራ አንድ ዓመት! ‹የራይናዬን እጅ አመስግኑ› እያለ የገዛ እጁን ሲያስመሰግን!» ሊስቅ ጀመረ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተበላሸበትና ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

ዶንካ ግን አልሳቀችም። የራይናን ክንድ ለቀቀች።

«‹ጥሬውን ነው› ያሉኝስ?»

«ዋሸሁዎት።»

«‹ልክ ናቸው› ያሉኝስ?»

«ያኔ አላየኋቸውም ነበር። በማግስቱ ነው መኪናው ውስጥ ያገኘኋቸው።»

ዶንካ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ከራይና ጥቁር ቀሚስ በታች፣ ከጥቁሩ ጫማ በላይ፣ ደማቅ ቀይ የሱፍ ካልሲ ይታያል። በሎቬች ሐዘንተኛ ሴት ቀይ አታደርግም። ዶንካ ካልሲውን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ራሷ መኪና ሄደች። ራይና፣ ጥላኝ ሄደች ብላ አሰበች፤ እንደሚገባትም አሰበች።

ተመልሳ ስትመጣ የኮምጣጤ ጠርሙስና ቁራጭ ጨርቅ ይዛለች።

«እጅዎን ያምጡት» አለች ቆጣ ብላ። «ሳማ በባዶ እጅ ይነቀላል? ይሄ ወዲያው ያበርደዋል።»

ራይና እጇን አየችው። እስከ አንጓዋ ድረስ ቀልቷል፣ ሽፍ ብሏል። እንደ እሳት ይለበልባታል።

«ይቆይ፣ ዶንካ፣ ያቃጥለኝ» አለች ቀስ ብላ። እጇን ወደ ቀሚሷ ኪስ ከተተችው፣ እዚያም ውስጥ ጨበጠችው።