የሟቹ ድርሻ

ዘመናትን የሚያፈራርቅ፣ ሰው ሳይናገር ልቡን የሚያውቅ እግዚአብሔር ይህን ነገር ከእኔ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ እኔ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ እጽፋለሁ። የብርጓል የንስሐ ልጄ ናት። ለሌላው ይጠቅማል ብዬ ብለምናት፣ «ይጻፉት» ብላ ፈቅዳልኛለች።

ነገሩ የሆነው በ፳፻፲፬ ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ በደብረ ማርቆስ ነው። በዚያ ወራት የምግብ ዘይት ከገበያ ጠፋ፤ ሲገኝም ዋጋው ባለ ደመወዙን እንኳ ያስደነግጥ ነበር። መንግሥት የደጎመው ዘይት በሰፈራችን የሸማቾች ሱቅ በቤተሰብ ብዛት ይታደላል፤ አምስት ሰው ላለበት ቤት አምስት ሊትር፣ ከዚያ ለሚያንስ ሦስት።

የየብርጓል ባል አናጢው አንሙት ጾሙ ሳይገባ አርፎ፣ የአርባ ቀን ተዝካሩ ከጾሙ መካከል ዋለ። ቅቤስ ከቤቷ አልጠፋም፤ ጾም ግን ቅቤ አይቀበልም። ዘይት ከሌለ ለካህናትና ለነዳያን የሚቀርብ ወጥ የለም።

ሰኞ ተሰለፈች። የሱቁ ሠራተኛ ዘሪቱ ከይጁቤ ከተማ በቅርቡ ተዛውራ የመጣች ናትና ሟቹን አታውቀውም። መዝገቡን ገልጣ፣

«የአቶ አንሙት ቤት፣ አምስት። ሁላችሁም አላችሁ?» አለች።

«አለን» አለች የብርጓል።

በሰልፉ ውስጥ የአንሙትን አስከሬን የተሸከሙ ሰዎች ነበሩ። አንዱም አፉን አልከፈተም።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኔ መጣች።

«አባ፣ ባሌን በሕይወት አለ ብዬ በስሙ ዘይት ወሰድሁ። ቅዳሜ ደግሞ ነፍሱን ማርልኝ ልል ነው። በየትኛው አፌ?»

«ከፈትሽው?»

«እንደ ታሸገ ነው። እጄ እንቢ አለኝ።»

እውነቱን ልናገር፤ «እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ሥሪበት» ልላት ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ሁለት ሊትር ለድኻ ቤት ምን ማለት እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ተዝካሩን ከሚበሉትም አንዱ እኔ ነኝ።

«አባ፣ ምን ላድርግ?»

«ልጄ፣ በሰው ፊት የተናገርሽውን በሰው ፊት መልሺው። የምታጪው ግን የዛሬውን ብቻ አይደለም፤ የየወሩንም ነው። ትችያለሽ?»

«አልችልም» አለችና መስቀል ተሳልማ ሄደች።

ሐሙስ ዕለት እደላው ገና አላለቀም ነበርና እኔም ለቤቴ ድርሻ ተሰልፌ ሳለሁ፣ የብርጓል ያንን ዘይት አቅፋ ብቅ አለች። ጎረቤቷ ዓይናዲስ ቀድማ አየቻት።

«ዘይት ይዞ የሚወጣ እንጂ ይዞ የሚገባ አላየንም! አንቺ፣ መንግሥትን ልትደጉሚው ነው?»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። የብርጓል ወደ መስኮቱ ቀረበች።

«ዘሪቱ፣ አንሙት ሞቷል። አለን ያልሁሽ ዋሽቼ ነው። እኛ አራት ነን።»

ሳቁ ተቋረጠ። ዘሪቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ምነው ባይነግሩኝ? ካወቅሁ መሰረዜ ነው። ከእንግዲህ በየወሩ ሦስት ሊትር ብቻ ነው የሚደርስዎ» አለቻት።

«ሰርዢው።»

እስክርቢቶው ስሙ ላይ ሲያልፍ የብርጓል ቆማ አየችና፣ በቀብሩ ዕለት እንኳ ያላለቀሰችውን ልቅሶ አለቀሰች። ከዚያም ባለ አምስቱን መልሳ ባለ ሦስቱን ተቀበለች።

«ነፍስ ይማር» አለ ከኋላዬ አማረ፤ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ነው። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ። በዚያ ሰልፍ ስንት ሙታን አብረውን እንደ ተሰለፉ እግዚአብሔር ያውቃል።

ቅዳሜ ፍትሐቱ ተደረሰ። ወጡ የበቃው ለነዳያኑ ብቻ ነው፤ እኛ ካህናቱ ንፍሮ ቀምሰን መረቅን። ከሟቹ ዘመዶች አንዱ፣ ገዳሙ የሚባል፣ «የዚያ ደግ ሰው ተዝካር ይህ ነው?» ብሎ አጉረምርሞ ሳይቀመጥ ሄደ። የብርጓል ሰምታዋለች። ቀና ብላም አላየችው፤ የመጨረሻውን ጭልፋ ለአንዲት ዓይነ ስውር እናት እያወጣች፣

«ለአንሙት ነፍስ ይብሉልኝ» አለች።

የሰራፕታዋን መበለት የዱቄት ማድጋና የዘይት ማሰሮ የባረከ አምላክ፣ አንባቢዬ ሆይ፣ ማዕድህን ከሐሰት፣ ደጅህን ከራብ ይጠብቅልህ። በቤትህ ያሉትን ሳያጎድል ያቆይልህ፤ ያለፉብህንም በመንግሥቱ ያስብልህ። አሜን።