ከደወል በኋላ የመጣ፣ ማንም ይሁን ማን

ሕግ ያወጣ ሰው በገዛ ሕጉ ተይዞ በር ላይ ሲገተር አይታችሁ ታውቃላችሁ? አትዋሹ፤ አላያችሁም። ያያችሁት የተለመደውን ነው፤ ሕጉን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ራሱ በጓሮ በር ሲገባ። እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ «ሥርዓት አክባሪ» እያላችሁ ስታጨበጭቡለት ኖራችኋል።

እንግዲያው የስድስተኛ ክፍሏን የሒሳብ መምህርት ተዋወቋት። ተማሪዎቿ «ደወል» ይሏታል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ከደወል በኋላ ክፍል ገብታ ስለማታውቅ ነው። ቅጽል ስሟን ታውቀዋለች፣ በሆዷም ትወደዋለች፣ ፊት ለፊት ግን ያልሰማች ትመስላለች።

ከክፍሏ በር ጀርባ አንድ ካርቶን ተለጥፏል። የሳሙና ካርቶን ነው፤ ተገልብጦ ጀርባው ላይ በቀይ ማርከር አምስት ሕጎች ተጽፈውበታል። ዓመቱ ሲጀመር ከሃምሳ ስምንት ልጆች ጋር ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ተጨቃጭቃ ያወጣቻቸው ናቸው። ጥያቄ የጠየቀ ልጅ «ይህንንም አታውቅም?» አይባልም። ያልገባው «ገባኝ» አይልም። እንዲህ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ረጅሙ ግን የመጨረሻው ነው፦ «ከደወል በኋላ የመጣ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ተሠርቶ እስኪያልቅ በር ላይ ይጠብቃል። ሲገባ ለምን እንደዘገየ እውነቱን ይናገራል። ማንም አይስቅም። የሳቀ ሳምንት ሙሉ ሰሌዳ ያጠፋል።»

ያን ቀን ይህ ተጽፎ እንዳለቀ፣ ከሦስተኛው ዴስክ አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። ኋላ የክፍሉ አለቃ ሆና የተመረጠችው እሷ ናት፤ «ነገረፈጅ» የሚሏትም በከንቱ አይደለም።

«ቲቸር፣ እርስዎስ?»

«እኔ ምን?»

«እርስዎ ከዘገዩ?»

«እኔ አልዘገይም።»

«አውቃለሁ፣ ቲቸር። ግን ከዘገዩ?»

 መምህርቷ ልጅቷን አየች፣ ካርቶኑን አየች፣ የማርከሩን ክዳን መልሳ ከፈተች። «ከደወል በኋላ የመጣ» ከሚለው በላይ በቀረችው ጠባብ ቦታ ላይ በደቃቅ ፊደል «ማንም ይሁን ማን» ብላ ሰነቀረችበት። ልጆቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ጨፈሩ።

ይህን ካርቶን ርዕሰ መምህሩ ማየት አይፈልግም ነበር። እሱ የራሱ ሕጎች ነበሩት። ሠላሳ አንድ! በሚያብረቀርቅ ወረቀት ታትመው የመጡ፣ ሁሉም «ማንኛውም ተማሪ» ብለው ጀምረው «በጥብቅ የተከለከለ ነው» ብለው የሚያልቁ። ሠላሳ አንዱን በቃሉ የሚያውቅ ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም፤ ራሱ ርዕሰ መምህሩም ጭምር። ሌሎቹ መምህራን ወረቀቱን ተቀብለው ለጠፉ። እሷ አልለጠፈችም።

«ተማሪዎቼ ያወጡትን እኔ ብቻዬን አላወርድም» አለችው።

«እንግዲያው ማክሰኞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መጥቼ አያለሁ» አላት። «ክፍሉ ሥርዓት ካለው ካርቶንዎ ይቆይልዎት። ከሌለው ግን በገዛ እጅዎ ያወርዱታል።»

«ይምጡ» አለች፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም።

ማክሰኞ ማለዳ ተነስታ ሰማያዊ ቀሚሷን በጓዳ በኩል ባለው ክፍል ስትተኩስ፣ አብራት የምትኖረው እናቷ ለጠዋት የእግር ጉዞዋ ወጣች። እናትየዋ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ አርባ ዓመት የመድኃኒት ቁም ሣጥን ስትቆልፍ ኖራ አሁንም ያየችውን በር ሁሉ ትቆልፋለች። ቤቱ ጭር ሲልባት ልጄ ሄዳለች አለችና የግቢውን በር ከውጭ በጓጉንቸር ጠርቅማ መንገዷን ቀጠለች።

መምህርቷ ቦርሳዋን አንግታ በሩን ብትገፋ፣ በሩ ከመንቋቋት በቀር ንቅንቅ አላለም። ስልኳን አወጣች።

«እማ! ቆልፈሽብኝ ሄድሽ እኮ!»

«ውይ፣ ቤት ነሽ እንዴ? ሄደች ብዬ እኮ ነው!»

«የት ደርሰሻል?»

«ወንዙ ጋ።»

«እባክሽ ተመለሺልኝ፣ ዛሬ ሰው ይጠብቀኛል!»

«እኔማ በተመለስኩ፤ ጉልበቴን አስፈቅጂልኝ።»

ስልኩን ዘግታ ወደ ጎረቤቱ አጥር ጮኸች። ጎረቤቱ አናጺ ነው፤ ራሱን በአጥሩ ላይ ብቅ አደረገ፣ እርሳሱ ጆሮው ላይ ተሰክቷል።

«ምነው መምህርት፣ ጠዋት ጠዋት?»

«መሰላል፣ ጋሼ! መሰላል ያቀብሉኝ!»

«ፈተና ሰርቀሽ ነው የምታመልጪው?»

«መሰላሉን ይስጡኝና ቀልዱን ማታ!»

መሰላሉ በአጥሩ ላይ ተላለፈ። አናጺው በማዶ በኩል ሌላ መሰላል ደግፎ ያዘላትና ፊቱን ወደ ሰማይ አዞረ። «እኔ ምንም አላየሁም፣ ደመናውን ነው የማየው» ይላል፤ ጥርሱ ግን አልከደን ብሎታል። ቀሚሷ ሚስማር ያዘው፣ ጠርዙ ተተረተረ፣ ትከሻዋ በአጥሩ ግንብ ኖራ ነጣ። መሬት እንደነካች ሮጠች።

ደወሉ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ጥግ ላይ ስትደርስ ተደወለ። የትምህርት ቤቱ ደወል ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ ድምፁ ሆድ ውስጥ ይገባል።  የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ዘበኛው ብረቱን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ቲቸር! መታሁት እኮ!»

«ሰምቻለሁ።»

ዘበኛው ግራ ቀኝ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልድገመው?»

እስቲ ይህን ሰው ማን ይቆጣዋል? እሷ እንኳን አልቆጣችውም። «እንዳያደርጉት» ብላ አለፈችው፤ ግን ለአንድ አፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ አስባበት ነበር።

የክፍሉ በር ተዘግቷል። አንኳኳች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ከውስጥ ሹክሹክታ፣ የዴስክ ሲጢጥታ። በመጨረሻ የነገረፈጅ ድምፅ ተሰማ፤ እንደ ምላጭ የሚቆርጠው ድምፅ ዛሬ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ገና መጀመራችን ነው።»

በሩም አልተከፈተም።

መምህርቷ አፏን በእጇ ያዘች። ልትቆጣ ነበር፤ ሳቅ ቀደማት። ሳቋን ገና ሳትውጠው ግን ከኮሪደሩ ጫፍ ቋ፣ ቋ የሚል የጫማ ድምፅ መጣ። ርዕሰ መምህሩ ነበር።

«እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«እጠብቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ጥያቄው ተሠርቶ እስኪያልቅ።»

«ውስጥ ማን አለ?»

«ተማሪዎቼ።»

«መምህሩስ?»

«እኔ ነኛ። ውጭ ነኝ።»

ርዕሰ መምህሩ ኖራ የነካውን ትከሻዋንና የተተረተረውን ቀሚሷን ከላይ እስከ ታች አያት። «ተማሪ መምህሩ ላይ በር ዘጋ! ሥርዓት ማለት ይህ ነው?» ብሎ እጁን ወደ በሩ እጀታ ሰደደ። ጀርባዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

«አይንኩት። ጥያቄው ሲያልቅ ራሳቸው ይከፍቱታል።»

በሩን ካስከፈተች «ማንም ይሁን ማን» የሚለው ቃል እዚያው ሊሞት ነው። ካላስከፈተች ደግሞ፣ ሃምሳ ስምንት ልጆች ያለ አስተማሪ ተቀምጠው አንዱ ወንበር ቢገለብጥ፣ አንዱ ቢያፏጭ፣ ካርቶኑ አለቀለት። ጆሮዋን በሩ ላይ ጣለች። ርዕሰ መምህሩም ሳይወድ በግዱ ጆሮውን ቀሰረ።

ከውስጥ የጠመኔ ድምፅ ይሰማል። «ሦስት አራተኛና ሁለት ሦስተኛ፣ የትኛው ይበልጣል?» አለች ነገረፈጅ። አንዱ «እኩል ናቸው!» አለ። ማንም አልሳቀበትም። «ለምን እኩል ሆኑ?» ተባለ፣ ሊያስረዳ ጀመረ፣ መሃል ላይ ራሱ «ቆይ፣ ቆይ፣ አይደሉም» አለ። ከዚያ አንዲት በጣም ቀጭን ድምፅ መጣች።

መምህርቷ ያቺን ድምፅ ስትሰማ ጆሮዋን ይበልጥ በሩ ላይ አስጠጋች። የኋላ ወንበሯ ልጅ ነበረች፤ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ሰሌዳ ፊት ቆማ የማታውቅ፣ ስሟን እንኳ ስትጠየቅ ለጠረጴዛው የምትነግር።

«ሦስት አራተኛ ሙሉ ለመሆን አንድ አራተኛ ይጎድለዋል» አለች ልጅቷ። «ሁለት ሦስተኛ ደግሞ አንድ ሦስተኛ ይጎድለዋል። አንድ አራተኛ ከአንድ ሦስተኛ ያንሳል። ስለዚህ... ትንሽ የሚጎድለው እሱ ነው የሚበልጠው።»

 ከዚያ «እንዴ! እውነቷን ነው!» አለ ያ «እኩል ናቸው» ያለው ልጅ፣ ክፍሉም በጭብጨባ ተናጋ። መምህርቷ ይህን ዘዴ አላስተማረቻቸውም ነበር። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ እዚያው በር ላይ፣ ርዕሰ መምህሩ ፊት፣ እንደ ልጅ በእግሯ ጣቶች ተነሳች።

በሩ ተከፈተ። «ቲቸር፣ ይግቡ» አለች ነገረፈጅ። «ምክንያትዎን ይንገሩን።»

ገባች። ሰሌዳው ፊት ቆማ እውነቱን ተናገረች፤ እናቷ እንደቆለፈችባት፣ አናጺው ደመና እንዳየ፣ ሚስማሩ ቀሚሷን እንደተረተረው። ሃምሳ ስምንት ልጆች ትንፋሻቸውን ዋጡ። አንዱ የሸሚዙን ኮሌታ ነከሰ። አንዱ እርሳስ የወደቀበት መስሎ ዴስክ ሥር ገባና ሳይወጣ ቀረ። «ከዚያ ዘበኛው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?» አለች። «ልድገመው?»

እዚህ ላይ መያዝ አልቻለችም፤ ራሷ ፈንድታ ሳቀች። ክፍሉ ተከትሎ ፈነዳ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ባይሆን ኖሮ ይሰነጠቅ ነበር።

«ቲቸር» አለች ነገረፈጅ እንባዋን እየጠረገች፣ «መጀመሪያ የሳቁት እርስዎ ነዎት።»

«አውቃለሁ» ብላ የሰሌዳ ማጥፊያውን አነሳች።

ርዕሰ መምህሩ እግሩን ወደ ውስጥ ሲያነሳ ነገረፈጅ በትሕትና ዞረችበት። «እርስዎም ከደወል በኋላ ነው የመጡት። ምክንያትዎን ይንገሩንና ይግቡ።»

«እኔ የዚህ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ!»

ልጅቷ በጣቷ ካርቶኑ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ብቻ አሳየችው። ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ሥርዓቱን ዓርብ በሰልፍ ላይ ትሰሙታላችሁ! ያ ካርቶን ያን ዕለት ይወርዳል!» ብሎ ዞሮ ሄደ። በገዛ ጆሮው የሰማውን፣ ያለ አስተማሪ የተማረውን ክፍል ማለቴ ነው፣ አንድ ቃል ሳያነሳ! እንዲህ ያለ ሰው ጆሮ ምን ያደርግለታል?

ዓርብ ጠዋት ቸርኬው ተመታ። ስምንት መቶ ልጅ ተሰለፈ። ሠላሳ አንዱ ሕግ ሊነበብ ነው፤ አራተኛው «ማንኛውም ተማሪ ከደወል በኋላ መምጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። ማይክሮፎኑ ተተክሏል፣ አንባቢው ግን የለም። አምስት ደቂቃ አለፈ። ፀሐይዋ አናት ማቃጠል ጀመረች። አሥር ደቂቃ። በአሥራ ሁለተኛው ርዕሰ መምህሩ የሚያብረቀርቀውን ወረቀት በብብቱ ይዞ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ለማንም ምንም ሳይል በቀጥታ ማይክሮፎኑ ጋ ደረሰና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰዓት አክባሪነት» ብሎ ጀመረ።

የስድስተኛ ክፍል ሰልፍ ላይ ሃምሳ ስምንት ልጆች ከንፈራቸውን ነከሱ። ከዚያ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ መምህርታቸው አዞሩ። እሷም ከሰልፉ ወጣች። ከማክሰኞ ጀምሮ ሰሌዳ ሲያጠፋ የሰነበተው እጇ በጠመኔ ነጥቷል። ማይክሮፎኑን ከፊቱ በቀስታ ወሰደች።

«ጌታዬ፣ ደወሉ ከተመታ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሆኖታል። ማክሰኞ ዕለት እኔ ሰባት ደቂቃ ዘግይቼ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ምክንያቴን ተማሪዎቼ ፊት ተናግሬያለሁ፣ በሳቄም ተቀጥቻለሁ። ዛሬ ተራው የእርስዎ ነው። ቢሮ ውስጥ አይሆንም፣ በደብዳቤም አይሆንም። እዚሁ፣ በዚሁ ማይክሮፎን፣ በፀሐይ ያቆሟቸው ስምንት መቶ ልጆች ፊት ይመልሱልን፤ ለምን ዘገዩ? ይናገሩ። ማንም አይስቅም።»